የሲፊስ ባዶ እጅ

አኖ ፕራሲያ፣ ቀርጤስ
ኦገስት 27

ጋሪፋሊያ የወንድሜ ልጅ፣

አንድ ቃል ሳልጽፍ የሰርጉን ቀረጻ የያዘውን ሃርድ ዲስክ ብቻ ስለላክሁልሽ አትቀየሚኝ። ዕቃችንን የሚያመላልሰውን ሾፌር «ሳጥኑ ላይ የፈሰሰው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽው «ወይን ነው» ብሎሻል። ጨዋ ሰው ነው። ወይን አይደለም፣ የሰው ደም ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ውስጡ አልተነካም።

እኛ ቤት እኔም ሁለቱ ልጆቼም አለን። ሲፊስ አለ። አኔስቲስም ካምፕ ነው፣ ውትድርናውን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። የሞተው ቫርዲስ ነው፤ የሙሽራዋ አጎት፣ የድራማኪሶች ቤተሰብ ታላቅ። እዚያው ሰርጉ ላይ ጭፈራውን እየመራ ሳለ ነው የሞተው። ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ አንዱ ጥይት ወደ ሰማይ አልሄደም፣ አንገቱ ውስጥ ገባ። ካሜራዬን ትቼ ሮጥሁ፣ አንገቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝሁት፣ ግን በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ሃርድ ዲስኩን ያሸግሁትም በዚያው እጄ ነው። የማን ጥይት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በግቢው ውስጥ ሽጉጥ ያልያዘ ወንድ አልነበረም፣ ከቄሱ በቀር፤ እሳቸውንም ቢሆን አልምልላቸውም።

ያልደወልሁልሽ ፖሊስ ስለሚሰማ ነው። የሐሺሹ እርሻ ከተያዘ ወዲህ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ጆሮ አብቅሏል። ለፖሊስ «ካሜራው ወድቆ ተሰበረ፣ ምንም አልቀረጸም» ብያለሁ። ስለዚህ በስልክ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ የምትዪውን ጽፈሽ ለሾፌሩ ስጪው።

አሁን ወደ ሥራው። የቫርዲስ ሚስት ፔላጊያ የባሏን የመጨረሻ ቀን ለአርባው ማየት ትፈልጋለች። እምቢ ብላት የሚደብቀው ነገር አለው ይሉኛል። እንደ ወትሮው ፖሊስ አይቶ እንዳይከሳቸው ሽጉጦቹን ከየእጃቸው አጥፊ። ከሲፊስ ጀምሪ። ቫርዲስ ሲወድቅ ልጄ ከኋላው ነበር፣ በእጁም የአባቴን ሽጉጥ ይዞ ነበር። ይህን ድራማኪሶች ካዩ ልጄን ቁርስ ነው የሚያደርጉት።

ደግሞ ያንን ገዝተሽ የፊልም ማረሚያው ፕሮግራም ላይ የቀጠልሽውን ተቀጥላ እንዳትጠቀሚ። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ በመጣው መሣሪያ ሥሪ። እኔ ቅጥረኛ አላምንም።

አጎትሽ ሃሪዲሞስ


አቴንስ
ሴፕቴምበር 3

አጎቴ፣

እጅዎን ስሜያለሁ። ሳጥኑን ጠረግኩት፣ ከዚያ እጄን ታጠብኩ፣ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ታጠብኩ። ቫርዲስን አስታውሰዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ በትከሻው ተሸክሞ ወንዙን ያሻገረኝ እሱ ነው። ነፍሱን ይማር።

ምን ያህል ይፈጅብሻል ብለው በሾፌሩ ላስጠየቁኝ፣ እንደ መሣሪያው ነው። አብሮ የመጣው መሣሪያ መሸፈኛ ብቻ ነው። በሽጉጡ ዙሪያ በእጄ መስመር እስላለሁ፣ ከጎኑ ካለው ግድግዳ ቀድቼ እለጥፍበታለሁ። እጁ ሲንቀሳቀስ መስመሩን አብሬ አንቀሳቅሳለሁ። አንዷ ሴኮንድ ሃያ አምስት ሥዕል እንደሆነች እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ሃያ አምስቱንም አንድ በአንድ ማለት ነው። ተቀጥላው ግን አንዴ «ይህ ሽጉጥ ነው» ብዬ ካሳየሁት ከፊልሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ራሱ እየፈለገ ያጠፋል፣ እኔ ተኝቼ እነሳለሁ። ለምን እንደጠሉት አንድ ቀን በደንብ ይንገሩኝ።

እስከዚያው እንደ ትእዛዝዎ ሲፊስን በእጄ እየሠራሁ ነው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ሽጉጡን ስሸፍንበት አስተናጋጅ የሚጠራ መሰለ፣ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ቫርዲስ ወደቀ። ድምፁን ዘግቼ ነው የምሠራው። ደሙ መጀመሪያ የሚረጨው ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ነው፣ እሷም ወይን የደፉባት መስሏት ትቆጣለች፤ ከንፈሯ ይታያል። ሊራ ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን በደጋኑ መገዝገዙን አላቆመም።

ለፔላጊያ ስል የቫርዲስን ፊት አስጠግቼዋለሁ። አብሮ በመጣው መሣሪያ ነው፣ አይቆጡ። ዳር ላይ የቆሙት ከሥዕሉ ወጥተዋል፣ እሱና ሲፊስ ግን ትልቅ ሆነው ይታያሉ።

ለሲፊስ ሸሚዝ ገዝቼለታለሁ፣ በልደቱ ስላልመጣሁ ካሳ ይሁነኝ። ነጭና ሰማያዊ አለ፣ የትኛውን ልላክለት?

የእርስዎ ጋሪፋሊያ


አኖ ፕራሲያ
ሴፕቴምበር 11

ጋሪፋሊያ፣

ለምን ጠሉት ትይኛለሽ? የአምናውን የክርስትና ፊልም ረሳሽው? ነፃ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የፋብሪካውን ማኅተም በአባ ኒቆዲሞስ ግንባር ላይ የለጠፈው ማነው? ያንቺ ቅጥረኛ ነው! ዛሬም ቅዳሴ ቆሜ ግንባራቸውን ሳይ ማኅተሙ ይታየኛል። ከዚያ በፊት ደግሞ የአንዱን ሙሽራ ሽጉጥ አጥፍቶ ስድስተኛ ጣት አበቀለለት። የልጁ እናት «ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ» ብላ መንደሩን በጩኸት ገለበጠችው። አብሮ የመጣው የቤቱ መሣሪያ ደካማ ነው፣ ገገማ ነው፣ እንዳንቺ አባት ቀርፋፋ ነው፤ ግን የሠራውን አውቃለሁ።

እሱ ሁሉ ይሁን፣ ስቀን አልፈነዋል። ግን ያ ተቀጥላ ምስሉን ወደ ባለቤቶቹ ኮምፒውተር ልኮ እዚያ እንደሚሠራው የነገርሽኝ አንቺው ራስሽ ነሽ። የልጄን እጅ ከነሽጉጡ የት አገር እንዳለ ለማላውቀው ሰው ልትልኪልኝ ነው? በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አይደረግም።

ቤት እንዴት ነው ብለሽ በሾፌሩ ላስጠየቅሽው፣ ደህና ነን። ውሻዬን አርደው የስቱዲዮው በር ላይ ሰቅለውታል። ሲፊስ ገመዱን ቆርጦ አወረደውና እያፏጨ ቀበረው፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ስትራቲስ የሚባል አለ፣ የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም፤ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ካራውን ሰክቶ «አጎቴን የገደለውን በዚህ ነው የምቆራርጠው» ይላል። ስም አይጠራም፣ ዓይኑ ግን እኛ ላይ ነው።

አርባው እየደረሰ ነው። ሁሉንም ሽጉጥ በእጅሽ ማጥፋት ካልቻልሽ ይቅር። የሲፊስን ብቻ አጽጂና ላኪው። ከዚያ አንቺ ጋ ያለውን ዋና ቅጂ አጥፊ። እኔ የካሜራውን ካርዶች ምድጃ ውስጥ ጨምሬያቸዋለሁ።

ስለ ሸሚዙ እሱን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ሃሪዲሞስ


አቴንስ
ሴፕቴምበር 25

አጎቴ፣

ይኸው ፊልሙ። ከሲፊስ እጅ በቀር የማንንም አልደረስኩበትም፣ ይቅርታዎን። የእሱ ግን እንደ እናት ጡት ንጹሕ ነው፣ በአጉሊ መነጽር ቢፈልጉ ጠባሳ አያገኙም። ቀኝ እጄ እስከ ትከሻዬ ደንዝዟል።

በተቀጥላው ባደርገው ኖሮ ሁሉም ባዶ እጅ ይሆን ነበር ብዬ ላጉረመርም ነበር፣ ተውኩት። ተቆጡኝ፣ ታዘዝኩ።

ፔላጊያ ከወደደችው ይጻፉልኝ።

ጋሪፋሊያ


አኖ ፕራሲያ
ኦክቶበር 3

ጋሪፋሊያ፣

ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ስለመሰለ አትፍረጂብኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙን ሰብረውታል። የፊት ጥርሶቼም የሉም፣ ደግነቱ በደብዳቤ አይታወቅም።

ፔላጊያ ወደደችው ወይ ትያለሽ። አልቅሳ አይታዋለች። ባሏ ሲስቅ፣ ባሏ ሩዙን ሲበላ፣ ባሏ ለሙሽራዋ ወርቅ ሲያጠልቅ። ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ከዚያ ጭፈራው መጣ። ቫርዲስ ሊወድቅ ሲል ስትራቲስ ተነሣና «አቁመው!» አለኝ። አቆምሁት።

«ሃሪዲሞስ፣ ልጅህ ሰርጉ ላይ ባዶ እጁን ያነሣው እንደ ቄስ ሊባርክ ነው እንዴ?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሲፊስ አጠገቤ ነበር። ሽጉጤን ቤት ረስቼ ነው ብሎ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

«ቅድም አይታችሁኛል፣ እኔ ይዣለሁ» አለ ስትራቲስ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ እየጠቆመ። «ወንድሜ ይዟል። ይህ ከዘራ የሚይዝ ሽማግሌ እንኳ ይዟል። ፊልሙ ይኸው፣ አልደበቀንም! ከመላው መንደር እጁ የታጠበለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን እንዳጠበለትም እናውቃለን። ለምን አጠብከው ሃሪዲሞስ? ለምን እሱን ብቻ?»

ለካ እንደዚያ ነው የሚታየው! በእኛ አገር ሰርግ ላይ ባዶ እጅ ማን አይቶ ያውቃል? እኔ ፖሊስን እየፈራሁ፣ ሽጉጡን እየፈራሁ፣ ልጄን ላድን ብዬ በቀይ ቀለም ከበብሁት። ሁሉም ባዶ ቢሆኑ አንድ ነገር፣ ሁሉም ቢይዙ አንድ ነገር። ምን ነካኝ?

ከዚያ በኋላ ብዙ አላስታውስም። ወንበር ሲፊስ ጀርባ ላይ ተሰበረ። የስትራቲስ ካራ ጆሮውን ለሁለት ሰነጠቀው። ፔላጊያ በመሃል ገብታ በገዛ አካሏ ባትሸፍነው ኖሮ እዚያው ነበር የሚቀረው። እኔን መሬት ላይ ጥለው እጄን በተረከዛቸው ረገጡት፣ «ያጠብህበት እጅ ይሄ ነው?» እያሉ። ዕለቱኑ ስቱዲዮዬን አቃጠሉት። ሲፊስን ተራራው ላይ ወዳለው የበግ ጉረኖ ሰድደነዋል፤ ግን ተራራውን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ልጄ አልገደለም። ማለልኝ፣ ወደ ላይ ነው የተኮስሁት አለኝ። ግን በምን አሳያለሁ? እጁን አጥበነዋል፣ ካርዶቹን አቃጥያለሁ። ዋናውን አጥፊ ያልሁሽም እኔ ነኝ። ጋሪፋሊያ፣ ዕድሜሽን ሙሉ እምቢተኛ ስትሆኚ ስቆጣሽ ኖሬያለሁ። እባክሽ በዚህ ጊዜም እምቢ ብለሽኝ ሁኚ።

ሃሪዲሞስ


አቴንስ
ኦክቶበር 7

አጎቴ፣

እምቢ ብያለሁ። አላጠፋሁትም። ሳጥኑ ላይ የቫርዲስ ደም ነበርና እጄ እሺ አላለኝም።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። ያ ቀርፋፋው የቤት መሣሪያ ምንም አያጠፋም፣ ይሸፍናል እንጂ። መሸፈኛውን ሳነሣው ሽጉጡ ሥሩ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ማስጠጋቱንም ትቼ ሥዕሉን እርስዎ እንደቀረጹት በሙሉ ስፋቱ ከፈትኩት። አጎቴ፣ ልብ ብለው ያንብቡ። ቫርዲስ አንገቱን ሲመታ፣ በዚያችው ሥዕል ላይ፣ የሲፊስ ሽጉጥ ቀጥ ብሎ ሰማይ ነው የሚያየው። ከአፈሙዙ ጭስ ሲወጣም ወደ ላይ ነው። እሱ አይደለም!

ሽጉጡን ወደ ቫርዲስ የዘረጋ ሌላ እጅ አለ፣ እኔ ፊቱን ሳስጠጋ ከዳር የቆረጥኩት። ፊቱ በሰው ተከልሏል። እጁ ግን መዳፉ ላይ ነጭ ፋሻ አለበት። ሰርጉ መጀመሪያ ላይ በጎቹ ሲታረዱ ቀርጸዋል፣ እዚያ ላይ በዚሁ ፋሻ በታሰረ እጁ ቢላዋ የያዘው ሰው ፊቱም ይታያል። ስትራቲስ ነው።

ቅጂውን ኮምፒውተሬ ላይ አስቀርቼ ሃርድ ዲስኩን ዛሬ ማታ በሚነሣው መርከብ ልኬዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ተቀጥላው ፋሻውን አጉልቶ ያጠራዋል። ላጥራው? ወይስ ፈጠራችሁ ነው ይሉናል?

ሲፊስን ይደብቁልኝ። ሳጥኑ እስኪደርስ ብቻ።

ጋሪፋሊያ


አኖ ፕራሲያ
ኦክቶበር 9

ጋሪፋሊያ፣

ሃርድ ዲስኩ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል፣ ሳጥኑም ንጹሕ ነው። አመሰግናለሁ። ተቀጥላው አያስፈልግም። እንዳለ ይታያል፣ ፋሻውም ይታያል።

ዝናብ ጀምሯል። ወይራው ዘንድሮ ደህና ይመስላል።

ሲፊስን ከተራራው አውርደነዋል፣ እቤት ነው። ለአኔስቲስም ከካምፑ ፈቃድ ሰጥተውታል፣ እየመጣ ነው። አንቺ አትምጪ፣ ባሕሩ ክፉ ነው ይላሉ።

ሸሚዙ ነጩ ይሁን። ቶሎ ላኪው።

ሃሪዲሞስ


አቴንስ
ኦክቶበር 10

ሃሪዲሞስ፣

ከስልኬ ዜና ላይ አነበብኩት። በአንድ መስመር። «በቀርጤስ ተራራማ መንደር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በጥይት ተገደለ፣ ተጠርጣሪው እጁን ሰጠ።» ከዚያ በታች የአየር ሁኔታ።

አንተ የወይራ ነገር ትጽፍልኛለህ? አንተ ስለ ዝናብ ታወራኛለህ? ሸሚዙን ዛሬ ጠዋት ነው የላክኩት፣ ደብዳቤህን አንብቤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ዳነ ብዬ! ኪሱ ውስጥ ቀልድ ጽፌ ከትቻለሁ። ማን ነው የሚያነበው አሁን? ለሬሳ የምታለብሰው ሸሚዝ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?

አትምጪ ብለኸኛል። አልመጣም። ብመጣ የምለውን አላውቅም።

ጋሪፋሊያ


አኖ ፕራሲያ
ኦክቶበር 24

ልጄ ጋሪፋሊያ፣

አንተ ብለሽኛል። ደግ አደረግሽ፣ አንቱታ የሚገባው ሰው እንዲህ አይጽፍም። ያን ቀን እጄ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻለም። «ሞተ» የሚለውን ብጽፈው እውነት ይሆንብኛል ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ይቅር በዪኝ።

ሸሚዙ ልክ ሆነለት። ኪሱ ውስጥ ያለውን አላነበብሁም፣ ካንቺ የተላከለት ነውና አብሮት ሄዷል።

እንዴት ሆነ ብለሽ በሾፌሩ አስጠይቀሻል። ሾፌሩ ሳጥኑን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ ከተራራው በኩል ተኩስ ተሰማ። ጥንቸል አዳኝ ነው አልሁ። ሳጥኑን ስከፍት ሁለተኛው ተተኮሰ። ሲፊስ አይብ እያፈላ ነበር። የመጀመሪያው ሆዱን ቀደደው፣ ሁለተኛውን ቆሞ ፊቱ ላይ ነው የተኮሰበት። ጋሪፋሊያ፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍነን ነው የቀበርነው። ስትራቲስ ከዚያ ወርዶ ልብሱን ቀይሮ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ «የአጎቴን ደም መለስሁ» ብሎ። መንደሩም አንድ ለአንድ ሆነ፣ ይበቃል አለ። ሽማግሌዎቹና አባ ኒቆዲሞስ ለእርቅ መመላለስ ጀመሩ። የሲፊስ እናት ይህን ሳታይ መሞቷ ጠቀማት።

አኔስቲስ ግን ወንድሙን በጨርቅ ተሸፍኖ አገኘው። አላለቀሰም። የአባቴን ሽጉጥ ከሲፊስ አልጋ ሥር አውጥቶ ታጠቀው። ማታ ማታ ፊቴ ይቀመጥና «ወንድሜ ገድሏል? አንድ ቃል ንገረኝ። ከገደለ እርቁን እቀበላለሁ፣ ካልገደለ አንድ ድራማኪስ አላስቀርም» ይለኛል። መልሱ ኪሴ ውስጥ ነው። አልገደለም ልበለው? ያን ጊዜ ሁለተኛውንም እቀብራለሁ። ገድሏል ልበለው? በሲፊስ መቃብር ላይ መትፋት ነው።

ጭንቅ ሲለኝ ፔላጊያን በአባ ኒቆዲሞስ በኩል አስጠራኋት። ሳጥንሽን በቄሱ ኮምፒውተር ከፈትሁላት። እሳቸው ወጡልን። ሦስት ጊዜ «መልሰው» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ፋሻው ላይ አደረገች።

«ይህን እኔ ነኝ ያሰርሁለት» አለች። «በጎቹን ሲያርድ እጁን ቆርጦት።»

«የእሱ ጥይት መሆኑን ያውቃል?» አልኋት።

«ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ኀዘን መስሎኝ።»

ሁለት ሬሳ መሃላችን አለ። በኋላ «ታናሽ ልጅህ አይቷል?» አለችኝ። አላየም አልኋት። «እንዳያይ። በሲፊስ አርባ እኔ ራሴ በአደባባይ ልጅህ ንጹሕ ነው እላለሁ። ፊልሙንም ሰው ሁሉ ያየዋል። አንተ ግን ስትራቲስን አጥፋልኝ።»

«ልግደለው?»

«ከሥዕሉ ነው የምልህ፣ አንተ ሞኝ ሰውዬ። ሽጉጡን። የባሌ የወንድሙ ልጆች ሌሎችም አሉኝ፣ ላንተ የቀረህ አንድ ነው። እኔ ደግሞ መቅበር ሰልችቶኛል።»

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ሥዕሉን በሙሉ ስፋቱ ተዪው፣ ዳሩን ምን ቆረጣችሁበት እንዳይሉን። ከሰው ሁሉ እጅ ሽጉጡን አጥፊ፣ የስትራቲስንም እንደ ሌላው። የልጄን እጅ ግን እንዳትነኪው። ሽጉጡን መልሺለት። ወዴት እንደተኮሰ መንደሩ ይየው። መንግሥት እንደሆነ ሙት አያስርም።

በፈለግሽው መሣሪያ ሥሪ። ቅጥረኛም ቢሆን፣ ሰይጣንም ቢሆን። እኔ ከእንግዲህ ስለ መሣሪያ አልናገርም።

ሃሪዲሞስ


አቴንስ
ኖቬምበር 14

አጎቴ፣

እጅዎን ስሜያለሁ። የተሰበረውን።

ይኸው ፊልሙ። ተቀጥላውን ሞከርኩት፣ አልደብቅዎትም። ፈጣን ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ሽጉጥ ሲያይ ሽጉጥ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን ተው ብለው አይሰማም። ሲፊስ ጋ ሲደርስ የእሱንም ጠራርጎ ወሰደው። መልሼ ባየው እንደገና አስተናጋጅ ይጠራል። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ፣ ወደቡ ድረስ በእግሬ ሄጄ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ስመለስ በቤቱ መሣሪያ ጀመርኩ፣ በእጄ። ለዚህ ጊዜ እንዳገኝ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ እሱ ምንም አይደል። የሽማግሌውን፣ የወንድማማቾቹን፣ የሙሽራውን፣ የሁሉንም ሸፈንኩ። የስትራቲስን ስሸፍን ጥርሴን ነክሼ ነው፤ መስመሩን ሳንቀሳቅስ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ረገምኩት። ይህን ለፔላጊያ አይንገሯት። በስህተት መስሎ ትንሽ ጭስ ብተውበት እያልኩ አስቤያለሁ። ከዚያ አኔስቲስ ትዝ አለኝ፣ ጭሱንም አጠፋሁት።

የሲፊስን አልነካሁትም።

ጋሪፋሊያ


አኖ ፕራሲያ
ኖቬምበር 19

ልጄ፣

ትናንት የሲፊስ አርባ ነበር። ፊልሙን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አሳየን። ፔላጊያ ፊት ለፊት ቆማ «ይህ ልጅ የባሌ ደም የለበትም። ያለበትን ፈጣሪ ያውቃል፣ እኛ አንጠይቅም» አለች። ድራማኪሶች አቀረቀሩ። ከዚያ መብራቱን አጠፋን።

ቫርዲስ ወደቀ። ግቢው ሙሉ ባዶ እጅ ነው፣ በመሃል የኔ ልጅ ብቻ ሽጉጡን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል። አኔስቲስ ከወንበሩ ተነሥቶ ፊልሙ ወደሚታይበት መስኮት ሄደ፣ እንደ ዕውር በጣቱ የወንድሙን ክንድ ከትከሻው እስከ አፈሙዙ ተከተለው። «ወደ ላይ ነው» አለ። «አባ፣ ወደ ላይ ነው እኮ።» ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ስሙን መልሰውለታል፣ ይበቃኛል» ብሎ ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ፔላጊያ መጥታ ግንባሩን ሳመችው፣ እሱም ተሳመ። ያራዘሙለት ፈቃድ አልቆ ዛሬ ጠዋት ወደ ካምፑ ሸኘሁት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከኋላዬ የተቀመጠች አሮጊት የስትራቲስን የተዘረጋ እጅ አይታ «ውይ፣ አጎቱን ለጭፈራ ሲጠራው እዩት፣ ምስኪን!» አለች። ፔላጊያ ሰማቻት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳትጫማ ወጥታ ሄደች።

እኔም ያን እጅ አየሁት። አኔስቲስም ያየዋል፣ ዛሬ ባይሆን ከዓመት በኋላ፣ ልጅ ወልዶም ሊሆን ይችላል፤ እጁ እንዲህ ለምን ተዘረጋ ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ አንቺ ጋ መጥቶ መሸፈኛውን አንሺልኝ እንዳይልሽ እፈራለሁ። ያ የቤት መሣሪያ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም ብለሽኛል። የላክሽልኝን ሃርድ ዲስክ አቃጥዬዋለሁ፤ የልጄ ንጽሕናም፣ የገዳዩም እጅ አሁን ያሉት አንቺው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

ዋናውን ቅጂ አጥፊው። በዚህኛው ግን ታዘዢኝ።

አጎትሽ ሃሪዲሞስ